የልጁን ሌሊት ከማረማችን በፊት የቤታችንን ሌሊት እናርም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ሌሊትን መሸፈኛ፣ እንቅልፍን ማረፊያ ላደረገልን ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የአላህ ጸጋ ተቆጥሮ አያልቅም። ከጸጋዎቹ መካከል ግን ካልጠፋ በስተቀር የማናስታውሰው አንድ አለ፤ እሱም እንቅልፍ ነው። ቁርአን በሱረቱ አር-ሩም የሌሊትና የቀን እንቅልፋችንን ከአላህ ተአምራት አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሀብታም በገንዘቡ አይገዛውም፤ ባለሥልጣንም በትእዛዙ አያመጣውም። ታዲያ ይህ ጸጋ በአንድ ትንሽ ልጅ ምክንያት ከቤት ሲርቅ ምን ይደረጋል? ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በብዙ ቤቶች ያለ፣ ነገር ግን በሐፍረት ተሸፍኖ የሚኖር ነው።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አንዲት ወጣት እናት የአምስት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ በማስተምርበት መድረሳ በር ላይ ቆመች። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ ልጁ የጫማ መደርደሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ የውዱእ ቧንቧውን ከፈተው፣ ከደረጃውም ዘለለ።

"ኡስታዝ፣ ይህ ልጅ አይተኛም" አለችኝ። "ከዒሻእ በኋላ እናስተኛዋለን፤ ይነሣል። ውሃ አምጡ ይላል፣ ሽንቴ መጣ ይላል፣ ግድግዳ ይደበድባል። እንዲህ እንዳለን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ያልፋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ነቅቶ መብራት ያበራል። አባቱ ሹፌር ነው፤ መሪ እንደያዘ እንዳያንቀላፋ እፈራለሁ። ጎረቤት ጅን ነው ይላል፤ አማቴ ደግሞ ዐይን ነው ይላሉ። እባክዎ ቁርአን ይቅሩበት።"

ፋቲሓን፣ አያተል ኩርሲይንና ሦስቱን ቁል ቀራሁበት። ይህ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቴ ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ነው። "እህቴ፣ ልጁ ተሞላቋል። አባቱ ጠንከር ይበል። ልጅ እንዲህ የሚሆነው የሚፈራው ሰው ሲያጣ ነው" ብዬ አሰናበትኳት። ሳልጠይቅ ፈረድኩ፤ ሳላውቅም መከርኩ።

ከወር በኋላ አባትየው ራሱ መጣ። "ኡስታዝ፣ እንዳሉት ጠነከርኩ። ቀበቶ አወጣሁ። አሁን ልጁ ገና ሲመሽ አልጋውን ሲያይ ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፉ ግን ያው ነው። ትናንት ሌሊት አጠገቤ መጥቶ ምን አለኝ መሰለዎት? 'አባዬ፣ እንቅልፌ ጠፋብኝ፤ ፈልግልኝ' አለኝ።" ይህን ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔም የምመልሰው አጣሁ።

ወገኖቼ፣ ያ ልጅ እያመፀ አልነበረም፤ የጠፋበትን ነገር እየፈለገ ነበር። ፈልገን ልንሰጠው ሲገባን እኛ መታነው። ከመታችው እጅ ባላነሰ የመከረችው ምላስ ተጠያቂ ናት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

በሐኪም ቤት የተረዳነው

ቁርአን በሱረቱ አን-ነሕል (16፡43) የማናውቀውን ከዐዋቂዎቹ እንድንጠይቅ ያዘናል። ይህን ትእዛዝ ለሰው ስናገር ኖሬ ለራሴ ዘንግቼው ነበርና ከአባትየው ጋር ወደ ሐኪም ለመሄድ ተነሣሁ። እናትየው "የአእምሮ ሐኪም" ሲባል ደነገጠች። በከተማችን ይህ ቃል ሲነሣ ሰው ሁሉ ወዲያው አማኑኤልን ያስባልና "ልጄ እብድ ሊባል ነው?" አለች። ጥርስ የታመመ ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንደሚሄደው ሁሉ፣ ይህም እንደዚያው መሆኑን ለማስረዳት ቀናት ወሰደብን።

ሐኪሙ በአንድ ቀን አልፈረደም። ወላጆቹን ደጋግሞ ጠየቀ፤ የመዋእለ ሕፃናት መምህሯ ስለ ልጁ ጽፋ እንድትልክ አደረገ። በመጨረሻም ችግሩ በፈረንጆች አጠራር ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባለው መሆኑን ነገረን። በአማርኛ የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ እንቅስቃሴ ችግር ልንለው እንችላለን። የዘመናችን የቴሌቪዥን ትውልድ ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም። ጆርጅ ስቲል የተባለ የሕፃናት ሐኪም እንዲህ ያሉ ልጆችን እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ በሰጣቸው ትምህርቶች ገልጿቸው ነበር። የአሁኑ ስያሜ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ቅብጥብጥ የሆነ ልጅ ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ነገሩ ቢያንስ ለስድስት ወራት የቆየ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም የሚታይና የልጁን ኑሮ የሚያውክ መሆን አለበት።

ሐኪሙ ችግሩ በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ እንደሆነ ሲናገር አባትየው ቀና ብሎ፣ "እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ፤ አባቴ በአለንጋ ነው ያሳደጉኝ" አለ። ከዚያ በኋላ ልጁን የተመለከተበት ዐይን ሌላ ነበር።

እንቅልፉስ? እነዚህ ልጆች ከሌሎች ይልቅ እንቅልፍ ያስቸግራቸዋል። ብዙዎቹ ቶሎ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ሌሊትም ይነቃሉ። ሲመሽ አንጎል የሚያመነጨውና "የመኝታ ሰዓት ደርሷል" የሚል መልእክት የሚያስተላልፈው ሜላቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር በብዙዎቹ ላይ ዘግይቶ ይመጣል። ሰውነቱ ቢደክምም አእምሮው ፍሬን እንደሌለው መኪና መቆም ያቅተዋል። ትልቅ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ያዛጋል፣ ይፈዛል፤ ትንሽ ልጅ ግን እንቅልፍ ባጣ ቁጥር ይብስ ይንቀዠቀዣል። ስለዚህ ሌሊቱ ቀኑን ያበላሻል፤ ቀኑም ተመልሶ ሌሊቱን። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የእኛ ልጅ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር።

ጅንና ዐይንስ?

በጅን መኖር እናምናለን፤ የሰው ዐይን እንደሚጎዳም ሐዲስ አረጋግጦልናል። ሩቅያም ሽርክ እስካልገባበት ድረስ የተፈቀደ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለልጅ ልጆቻቸው ለሐሰንና ለሑሰይን በአላህ ጥበቃን ይለምኑላቸው እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ግን ይህን ያደረጉት ራሳቸው በገዛ ቤተሰባቸው ላይ መሆኑን ልብ በሉ። አንተ አባት፣ አንቺም እናት፣ የልጃችሁን ራስ ዳብሳችሁ በለሆሳስ የምትቀሩት ቁርአን አለ። ልጁን ደብድቦ፣ አንቆ ወይም በጭስ አፍኖ "ጅኑ ተናገረ" ለሚል ሰው ገንዘብ መክፈል ግን ከሩቅያ አይቆጠርም፤ በደል ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች "እንታከምን?" ብለው በጠየቋቸው ጊዜ እንዲታከሙ አዘዋል። አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድ ያወረደው በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። ስለዚህ ቁርአን መቅራትና ሐኪም ዘንድ መሄድ በአንድ ሙእሚን ቤት አይጣሉም። ተወኩል ማለት ግመሏን አስሮ በአላህ መመካት እንጂ ሳያስሩ መተኛት አይደለም።

ስለ ቀበቶው

አንዳንድ አባቶች ስለ አሥር ዓመት ልጅ የተነገረውን ሐዲስ ይጠቅሱልኛል። ያ ሐዲስ ስለ ሶላት እንጂ ስለ እንቅልፍ አይናገርም። ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት ለሦስት ዓመታት ያህል በትእግሥት ከተነገረው በኋላ ስላለው ጊዜ ነው የሚናገረው። በዚያም ላይ ዑለማዎች የማይጎዳ መሆን እንዳለበት ገድበውታል። በእንቅልፍ እጦት የሚሰቃየውን የአምስት ዓመት ሕፃን በቀበቶ ለመግረፍ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ሐዲሱን ከቦታው ማንሣት ነው። ብዕር ያልተጻፈበትን ሕፃን፣ አላህ ያልጠየቀውን፣ እኛ በምን ሥልጣን እንቀጣዋለን? አነስ (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለአሥር ዓመት አገልግለው አንድም ቀን የምሬት ቃል እንዳልሰሙ መስክረዋል። እኛ ግን አሥር ደቂቃ እንኳ ያቅተናል።

ዱላው ደግሞ አይሠራም። የፈራ ልብ ይመታል፤ የሚመታ ልብ እንቅልፍን ያርቃል። ልጁ አልጋውን ከዱላ ጋር ካያያዘው፣ ሌላ በሽታ ጨመርንበት ማለት ነው።

የቤቱ ሌሊት

ሐኪሙ የሰጠንን ምክር ወረቀት ይዤ ስመለስ አንድ ነገር ገረመኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲመሽ ልጆችን ወደ ቤት እንድንሰበስብ፣ በር እንድንዘጋና መብራት እንድናጠፋ አዘዋል። ከዒሻእ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻእ በኋላ ደግሞ ወሬን ይጠሉ ነበር። በሱረቱ አን-ኑር (24፡58) ከዒሻእ በኋላ ያለው ጊዜ ልጆች እንኳ ሳያስፈቅዱ ወደ ወላጆቻቸው የማይገቡበት የእረፍት ጊዜ ተደርጓል። ሐዲስ የሕክምና መጽሐፍ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሱናውን የምንይዘው ሱና ስለሆነ ነው። ነገር ግን የሙስሊም ቤት ሥርዓት ያለው ሌሊት እንዲኖረው ታዝዟል። የእኛ ቤት ሌሊት ምን ይመስላል? ቴሌቪዥኑ እስከ አምስት ሰዓት ይጮኻል፤ የእያንዳንዳችን ስልክ ያበራል፤ አባት ከጫት ጓደኞቹ ጋር ምርቃናው እስኪወርድ ያወራል። በዚህ መካከል አንዱን ሕፃን ብቻ "ተኛ!" እንለዋለን። መጀመሪያ መታረም ያለበት የማን ሌሊት ነው?

ያ ቤተሰብ ያደረገውን እንደሚከተለው እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፣ መኝታውን ከማስተካከላቸው በፊት መነሻውን አስተካከሉ። ሌሊቱ ምንም ያህል ቢከፋ፣ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን፣ ልጁ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይነሣል፤ ወዲያው ወደ ብርሃን ይወጣል። ቀን እንደ ልቡ እንዲሮጥ ይደረጋል። መኝታውን ግን ከስድስት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል በአንድ ቀን አልጎተቱትም። መጀመሪያ በሚተኛበት ሰዓት አስተኝተው፣ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ሩብ ሰዓት ወደ ኋላ እየሳቡ አመጡት።

ሁለተኛ፣ ሻይና ኮካ ከምሳ በኋላ ቀሩ። በቡናችን ላይ ልጅ ከበረካው ይቅመስ የሚል ልማድ አለን፤ ለዚህ ልጅ ግን በረካው መተኛቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ቴሌቪዥንም ስልክም ይጠፋል፤ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። አልጋውን በመጋረጃ ከለሉት፤ ትልቁን አምፖል አጥፍተው በትንሽ መብራት ተቀመጡ። አባትየው "ለእኔ ከባዱ ይህ ነበር" ብሎኛል።

አራተኛ፣ በየማታው አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያዙ፤ ሽንት ቤት፣ ጥርስ መፋቅ፣ ውዱእ፣ አንድ አጭር ታሪክ፣ ሦስቱ ቁል፣ በቀኝ ጎን መተኛት። እንዲህ ያለ ልጅ አምስት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ቢነገረው አራቱ ይጠፉበታል። ስለዚህ እናትየው እያንዳንዱን በካርቶን ላይ በሥዕል አድርጋ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ትእዛዙም አንድ በአንድ ሆነ፤ አንዱን ሲፈጽም "ማሻአላህ" ይባላል።

አምስተኛ፣ በየማታው ሁለት የካርቶን ቁራጭ ይሰጡታል። ውሃ ወይም ሽንት ብሎ በተነሣ ቁጥር አንዱን ይከፍላል። ቁራጮቹ ሲያልቁ ያለ ቁጣ፣ ያለ ወሬ፣ መብራት ሳይበራ ወደ አልጋው ይመለሳል። ሳይጠቀምበት ያደረ ቁራጭ ካለ ጠዋት በትንሽ ሽልማት ይለወጥለታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ይብስ ተነሣ፤ እነሱ ግን ጸኑ። ሶብር ማለት ይህ ነው፤ አፍን ዘግቶ መቀመጥ ሳይሆን ትክክለኛውን ነገር ዛሬም ነገም መድገም።

ለሐኪም የሚተው ነገር

ሁሉም ነገር በሥርዓት ብቻ አይፈታም። ልጁ የሚያንኮራፋና በአፉ የሚተነፍስ ከሆነ ቶንሲሉ መታየት አለበት፤ ሌሊት ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ልጅ ቀን ልክ እንደዚህ ችግር ያለበት ልጅ ሊመስል ይችላልና። ሲተኛ እግሩን ማሳረፍ ካቃተው የደም ምርመራ ይደረግለት፤ በሰውነት ውስጥ የብረት ማነስ ይህን ያመጣል። ነገር ግን ሳይመረመር የብረት ሽሮፕ መስጠት አደገኛ ነው፤ ሲበዛ ይመርዛል። ለማስተኛት ተብሎ የጉንፋን ሽሮፕ መስጠትም እንዲሁ አይገባም። ሜላቶኒንም ቢሆን በሐኪም ምክር ብቻ የሚሰጥ ነው። ለትኩረቱ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካላችሁ፣ አንዳንዱ መድኃኒት ከሰዓት በኋላ ከተወሰደ እንቅልፍ ይከለክላል፤ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡት። ከስድስት ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ከመድኃኒት በፊት ወላጆች የአያያዝ ሥልጠና ማግኘታቸው እንደሚቀድም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አስፍሯል።

ለአባቶች፣ ለጎረቤትና ለእኛ ለመምህራን

አባቶች ሆይ፣ ሌሊቱ የእናት ብቻ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት፤ አንዳችሁ ስትነሡ አንዳችሁ ተኙ። ሰውነታችን በእኛ ላይ ሐቅ አለው። በሌሊት ሶላቱ ላይ ያንቀላፋ ሰው እንኳ እንዲተኛ የታዘዘበት ዲን ተከታዮች ነን።

ረመዳን ሲመጣ ይህ ቤተሰብ ይፈተናል። ተራዊሕ አለ፤ ሱሑር አለ፤ ሌሊቱ ቀን ይሆናል። እናትየው በልጁ ምክንያት ተራዊሕ ከመስጊድ መቅረቷን በእንባ ነገረችኝ። እህቴ፣ ተራዊሕ ሱና ነው፤ በቤትም ይሰገዳል፤ ልጅሽ ግን አማና ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጀመዓ እየመሩ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ሶላታቸውን ያሳጥሩ ነበር። ሕፃን ለማስተኛት ቤት የቀረችን እናት አላህ የሚረሳት ይመስልሻል? በዚያው ወር የልጁ መኝታና መነሻ ሰዓት እንዳይዛባ፣ ሱሑሩም በዝግታ እንዲበላ አድርጉ።

ጎረቤቶች ሆይ፣ ሌሊት የልጅ ጩኸት ስትሰሙ ጠዋት "አላሳደጋችሁትም" አትበሉ። ይልቅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁን ተቀብላችሁ እናቱን አስተኟት፤ ሶደቃ ነው። እኛ የመድረሳ መምህራንም ልጁ በሐለቃ መካከል ቢነሣ አለንጋ አናንሣ። ሌሊቱን ያደረበትን አናውቅምና።

ዛሬ ያ ልጅ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ችግሩ ጨርሶ አልጠፋም። ብዙውን ቀን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይተኛል፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ሁሉም ይበላሽና ከጠዋቱ ጀምሮ እንደገና ይሞከራል። አባትየው ልጁን ስለ ቀበቶው ይቅርታ ጠይቆታል። እኔም እናትየውን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ የሰው ሐቅ በተውባ ብቻ አይነሣምና። በቅርቡ መስጊድ በር ላይ አግኝቼው "እንቅልፉስ እንዴት ነው?" አልኩት። ፈገግ ብሎ፣ "አልሐምዱሊላህ ኡስታዝ፤ ሲጠፋበት አሁን አብረን እንፈልገዋለን" አለኝ።

አላህ ሆይ፣ እንቅልፍ ላጡ ሕፃናት እረፍትን፣ ለእናቶቻቸው ብርታትን፣ ለአባቶቻቸው ርኅራኄን ስጥ። በማናውቀው ከመፍረድ ጠብቀን፤ በማናውቀው የፈረድነውንም ማረን። ቤቶቻችንን የሰላም ማደሪያ አድርግልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ፤ ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።